ያልመጣው ውሃ

ከበረዶው ስር ሆኖ ወደ ላይ ያየን ነበር። አንድ ዓይኑ ተከፍቷል፤ ሌላው ከነጉንጩ የለም። ግንባሩ በብረት ተፈርክሶ፣ የፈሰሰው ደም ከበረዶው ጋር ተጋግሮ የቼሪ ማርማላታ መስሏል። ልጆቼ፣ ላስደነግጣችሁ ብዬ አይደለም፤ ነገሩ ከዚያ ፊት ስለሚጀምር ነው።

ቦታው ከኑክሌር ማመንጫው የሚወጣው ቦይ ነው። ማመንጫው ይሠራ በነበረ ጊዜ ሪአክተሩን ያቀዘቀዘው ውሃ በዚህ ቦይ እየጋለበ ወደ ትልቁ ኩሬ ይገባ ነበር። ለብ ያለ ስለሆነ በጥር ብርድ እንኳ አይረጋም። የቴፕሎስታቭ ሰው ሁሉ እንፋሎቱ መሀል ተኮልኩሎ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ወራሪዎቹ ከተማችንን ከያዙ ወዲህ ግን ሪአክተሩ ጠፋ፣ ውሃውም ቆመ፤ ቦያችን እንደ ማንም ኩሬ በረዶ ለበሰ።

ሟቹ ኢንጂነር ዙቦቭ ነው፤ ሪአክተሩን መልሶ እንዲያስነሳላቸው ወራሪዎቹ ከሀገራቸው ያመጡት ሊቅ።

እኔ ያኔ የፖሊስ ሾፌር ነበርኩ። ያቺን የተጨማደደች ላዳ አቁሜ ስወርድ፣ ሬሳውን ያገኘውን ኦኒሽኮን በረዶው ላይ አንበርክከውታል። ኦኒሽኮ ጡረታ የወጣ ዓሣ አጥማጅ ነው። ሳጅን ፕሮኮር የሚባለው ወታደራቸው የሽማግሌውን ጣቶች በቦት ጫማው ተረከዝ አንድ በአንድ እየረገጠ፣ «ቀዳዳውን ማን ቆፈረው? በል ተናገር!» ይለዋል። አጥንቱ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ያሰማል።

«ልቀቀው» አለች ሶሎሚያ።

ሶሎሚያ ዱዳር የከተማችን ኢንስፔክተር ናት። ሌሎቹ ፖሊሶች ሲሸሹ እሷ ቀረች። «ሰው መገደሉ አልቀረ፣ መርማሪ ለምን ይቀራል?» አለች። በዚህ ምክንያት ከተማው ሁሉ ከሃዲ ብሎ ይተፋባት ነበር።

ሳጅኑ ሳቀ። «ኧረ እመቤቲቱ መጣች! ለሽማግሌው ቀለበት ይዘሽለት ነው?»

«ጣት የሌለው ሰው ቃሉን አይፈርምም። ልቀቀው ብያለሁ።»

ኮሎኔል ግሌብ፣ የወራሪዎቹ አዛዥ፣ ከኋላ ቆሞ ሲጋራውን ያጨሳል። ደቃቃ ነው፤ አይጮህም። በእጁ ምልክት ሲሰጠው ሳጅኑ እግሩን አነሳ።

«ስሚ» አላት። «ሪአክተሩ ሊነሳ ነበር፤ ዛሬ ሲነጋ መጀመሪያ ፓምፖቹ ውሃ እንዲገፉ ታዘዘ። ዙቦቭ ፈቅዶ፣ ውሃው ሲመጣ ልይ ብሎ ወደዚህ ወረደ። እዚህ ፈጠፈጡት። ፓምፖቹም አልተነሱም፤ ቧንቧ ውስጥ በረዶ ገብቶ ነው ብለውኛል። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ የነበረው የሌሊቱ ፈረቃ ነው። ሁሉንም ምድር ቤት አስገብቻቸዋለሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ገዳዩን ታመጪልኛለሽ፤ ካላመጣሽ ፈረቃውን በሙሉ እዚህ ቦይ ዳር አሰልፌ እረሽናለሁ።»

«ታዲያ ሪአክተሩን ማን ያስነሳልዎታል?»

«የሚያስነሳ አላጣም።»

ሶሎሚያ ተንበረከከች። ቀዳዳው ዳርና ዳሩ የተሸራረፈ ነው፤ አንድ ሰው በንዴት ግድግዳ ያፈረሰ ይመስላል። ከሬሳው በላይ ደግሞ ቀዳዳው እንደገና ረግቶ አዲስ በረዶ ጋግሯል። ከዚያ አዲስ በረዶ ሰፋ ያለ ቁራጭ ሰብራ አወጣችና ባልዲ ውስጥ ከተተችው።

«አጎቴ ዩኪም፣ ይህን ከመኪናው ኋላ ጥላ ቦታ አስቀምጥልኝ። ከቀለጠ ሰው ይሞታል» አለችኝ።

ሳጅኑ ሰማት። «በረዶ አስራ ልትመረምር ነው!» ብሎ ተንከተከተ።

ወደ እሱ ዞረች። የሁለት እጁ የጣት አንጓዎች ተልጠው ደም አርግዘዋል። «አንተን ነው መጀመሪያ የምመረምረው። ዙቦቭ ሰካራም ብሎ ከስሶህ እንደነበር ሰምቻለሁ። እጅህ ምን ሆነ?»

«ይሄ? ከፈረቃው አለቃ ጥርስ ጋር ተጋጭቶ ነው።» ቀዳዳውን በእግሩ ጠቆማት። «አየሽ፣ እኔ ብገድለው ኖሮ ቀዳዳውን ክብ አድርጌ ነበር የምቆርጠው። እኛ ሀገር የሚድህ ሕፃን እንኳ በረዶ ሲበሳ ሰሃን ያስመስለዋል። ይሄ በረዶ የማያውቅ ሰው ሥራ ነው። የእናንተው ሰው ነው!»

«ትናንት ማታ ደግሞ በስካር እኔው ራሴ አስሬው ነበር» አለ ኮሎኔሉ። «ጠዋት ነው የፈታሁት። ጊዜሽን አታባክኚ።»

ኦኒሽኮን ደግፈን ወደ መኪናው ወሰድነው። እጁን በሻርፑ ጠቅልላለት፣ «አጎቴ፣ በረዶ መብሻ አለህ?» አለችው።

«ከየት አምጥቼ?» አለ። «እዚህ ቦይ መቼ ረግቶ ያውቃል? ዕድሜ ልኬን ያጠመድኩት ከሚፈስ ውሃ ነው። ዛሬም ልማድ አምጥቶኝ ነው።»

«ቀዳዳው የተቆፈረው ጉሮሮው ላይ ነው።»

«አዎ፣ ጉሮሮው ላይ።» ጉሮሮ የምንለው ወደ ቦዩ ከሚያወርደው ደረጃ ስር ያለውን ጥልቅ ቦታ ነው። ውሃው በሚመጣበት ዘመን እዚያ የገባ ነገር አይመለስም፤ ወደ ኩሬው ሆድ ይዞት ይሄዳል። የተሰነጠቀ ገንቦ፣ የዓሣ አንጀት፣ የከዳ እጮኛ ቀለበት፣ ዓይኔ አይየው ያልነው ነገር ሁሉ የሚጣለው እዚያ ነበር። የሰመጠ ልጅ እንኳ ብዙ ጊዜ ሳይገኝ ይቀራል። ኦኒሽኮ ይህን አላብራራም፤ የእኛ ሰው ይህን ማብራሪያ አይፈልግም። ፊቷን አየና፣ «አንቺም ከእነሱ ጋር ዋይ!» ብሎ ከመኪናው ወረደ። ጣቱ ተሰብሮም ተፋባት። ምራቁ ካፖርቷ ላይ አረፈ።

ጠረገችው። «ወደ ምድር ቤቱ» አለችኝ።

ምድር ቤቱ የማመንጫው የቀድሞ ዕቃ ቤት ነው። የፈረቃው ሰዎች የሥራ ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ ግድግዳ ስር ተደርድረዋል። ነጩ ቀልቷል። አለቃቸው ናዛር እጁ በሽቦ ከቧንቧ ጋር ታስሮ ተንጠልጥሏል፤ አንድ ጆሮው ተተልትሎ እንደ ቅጠል ይወዛወዛል። ናዛር የተማረ፣ የታወቀ ኢንጂነር ነው። ከሶሎሚያ ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል።

«ኮሎኔልሽ ዛሬ አጥንት አልጣለልሽም?» አላት ደም እየተፋ።

«ጥርስህን ለሌላ ቀን አስቀምጠው፣ ናዛር። ትናንት ከመሸ ጀምሮ ከፈረቃው የወጣ ሰው አለ?»

«በምን ልብሱ ይወጣል? እዚህ የሚገባ ሁሉ ልብሱን እስከ ካልሲው አስረክቦ ነጭ ይለብሳል። ሲወጣ በጨረር መፈተሻው ያልፋል። በሩ ላይ ደግሞ የእነሱ ወታደር አለ። ጠይቂው።»

ጠይቃ ነበር። ወታደሩም ማንም አልወጣም ብሏታል።

«ዙቦቭን ማን ገደለው?»

«እኔ ልንገርሽ?» ሳቅ ሲሞክር ሳል ሆነበት። «የገደለው ጅል ነው። ሰው በሞተ፣ በማይፈስ ውሃ ውስጥ ይጣላል? ሲነጋ የመጀመሪያው አላፊ ሊያገኘው!»

ሶሎሚያ ዞር አለች። በሩን አየች። ወታደሩ ራቅ ብሎ የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላል። ወደ ናዛር ጆሮ፣ ወደ ደህናው ጆሮ፣ ተጠጋች።

«ዛሬ ሲነጋ ውሃው ሊመጣ ነበር እኮ። ኮሎኔሉ ይመጣል ብሎ ሻይ እየጠጣ ነበር የሚጠብቀው። አንተ ግን አልጠበቅከውም።»

የናዛር ፊት ላይ የቀረችው ቀለም ሄደች።

«አልጠየቅኩህም» አለችው። «ፓምፖቹን ምን እንዳደረጋችኋቸው ማወቅም አልፈልግም። ግን ያልከውን ለሌላ ሰው እንዳትደግመው።»

እሱም በሹክሹክታ፣ «ጥይት በላዩ እያፏጨ፣ ግማሹ ሠራተኛ ተሰዶ፣ ያንን እሳት ለኩሰን ልጆቻችን አጠገብ እናስቀምጥ?» አላት። «ለዚያውም ለእነሱ ብርሃን?»

«ዝም በል አልኩህ» አለችና በመሀረቧ አፉን ጠረገችለት። ወታደሩ ቀና ሲል መሀረቡን በጥፊ አጅባ ፊቱ ላይ ወረወረችው። «ውሻ!» ብላ ጮኸች፣ እንዲሰማ። ጥፊው እውነተኛ ነበር።

መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።

«አጎቴ ዩኪም፣ ገዳዩ ውሃው ይመጣል ብሎ ያመነ ሰው ነው። ሬሳውን ጉሮሮው ላይ ጣለው፤ ሲነጋ ፓምፖቹ ይነሳሉ፣ ውሃው ጠራርጎ ይወስደዋል ብሎ። ውሃው ቀረና ሬሳው ቀረ። እንግዲህ ገዳዩ ከናዛር ፈረቃ አይደለም፤ እነሱማ እንደማይመጣ ያውቃሉ።»

«ታዲያ ይህንኑ ለኮሎኔሉ ንገሪውና ልጆቹ ይፈቱ!»

«እንዴት አወቁ ቢለኝስ?»

አሁን ገባኝ። ነፃ የሚያወጣቸው ነገር የሚያስገድላቸውም እሱ ነበር።

የማመንጫው ዳይሬክተር ቫዲም ክሩታ ቢሮው ውስጥ በማር የጣፈጠ ሻይ ቀዳላት። የእኛው ከተማ ልጅ ነው፤ ፀጉሩ እዚያው ማመንጫ ውስጥ የሸበተ። ወራሪዎቹ ሲመጡ የቀድሞው ዳይሬክተር እምቢ ብሎ ተገደለ፤ ክሩታ እሺ ብሎ ወንበሩን ወረሰ።

«ሶልያ የኔ ልጅ፣ ምን ያለ መዓት ነው!» አላት። «እኔማ ሲነጋ ከኮሎኔሉ ጋር ነበርኩ። ዙቦቭን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁትም እኔ ነኝ። በሩ ላይ አገኘኝና፣ ‹ጀምሩ፣ ፈቅጃለሁ፤ እኔ ውሃውን ልይ› ብሎኝ ወረደ። ይህንኑ ለኮሎኔሉ ነገርኩት።»

«ፈቃዱን ከአፉ የሰማው ሌላ ሰው አለ፣ ቫዲም ሄራሲሞቪች?»

«ሌላ ሰው ምን ያደርጋል? ዳይሬክተሩ እኔ!»

«ፓምፖቹስ ለምን አልተነሱም?»

«በረዶ ነው! ትንሽ በረዶ። ለኮሎኔሉም ብዬዋለሁ። እስከ ነገ ይጠራል።» አስረግጦ ሲናገር ዓይኑ መስኮቱን ያያል። «ለበዓላቸው ሪአክተሩን አበራላችኋለሁ ብዬ በአንገቴ ቃል ገብቻለሁ፣ ልጄ። በአንገቴ!»

«ትናንት ማታስ?»

«ቤቴ። ከዩስቲና ጋር። ጠይቂያት።»

ቤቱ ከአጥሩ ውጭ፣ ቦዩ አፋፍ ላይ ነው። ሚስቱ ዩስቲና በሩን ከፍታ ቆመች። ጎረቤት ሰላም ካላት ከርሟል፤ ሰው ሲመጣባት መደንገጥ ለምዶባታል።

«ቤት ነበረ» አለች ሳትጠየቅ። «ሊጥ ውስጥ ድንች ሞልቼ የቀቀልኩትን ቫሬኒኪ በላ።»

ምድጃው ላይ የቫሬኒኪው ድስት እንዳለ ነው፤ ማንም አልነካውም፤ ቅባቱ ነጭ ሆኖ ረግቷል። ከምድጃው በላይ የወንድ ጓንት ተንጠልጥሎ ይንጠባጠባል። ከበሩ ኋላ ዲጂኖ ቆሟል። ጫፉ ታጥፏል፤ የታጠፈበት ቦታ አዲስ ሳንቲም ይመስል ያበራል።

ሶሎሚያ ዲጂኖውን አየች፤ ዩስቲናም ስታይ አየቻት። በመጨረሻ ዩስቲና፣ «አልበላም» አለች፣ ቀስ ብላ። «አልበላም፣ የኔ እህት። ቁጭ ብሎ እጁን ሲያይ አደረ።»

ፀሐይዋ ኩሬው ላይ ዝቅ ስትል ባልዲውን ይዤ ተከትያት ወደ ኮሎኔሉ ቢሮ ገባሁ። ሶሎሚያ ዲጂኖውን ይዛለች። ክሩታም ተጠርቶ መጥቷል። መስኮቱ ወደ ቦዩ ነው፤ ወታደሮቹ ፈረቃውን አውጥተው ከዳሩ ሲያሰልፉ ይታያል። ናዛርን ሁለት ባልደረቦቹ ደግፈውታል።

«ሰዓትሽ አልቋል» አላት ኮሎኔሉ።

በረዶውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ካርታው ላይ፣ አስቀመጠችው። «እርስዎ የበረዶ ሀገር ሰው ነዎት፤ እኔ አላውቅበትም። ይህ ከሬሳው በላይ የጋገረው ነው። በእንዲህ ያለ ብርድ እንዲህ ለመወፈር ምን ያህል ይፈልጋል?»

ኮሎኔሉ ጣቱን በውፍረቱ ላይ ለካው። እንደገና ለካው። ሲጋራው ከንፈሩ ላይ ቆመ።

«ሌሊቱን ሙሉ» አለ።

«እንግዲያ ዙቦቭ የሞተው ትናንት ሲመሽ ነው። ዛሬ ሲነጋ በሩ ላይ ‹ጀምሩ› ያለው ማን ነው?»

ሁላችንም ወደ ክሩታ ዞርን።

«ተሳስቻለሁ... ሌላ ሰው ይሆናል... ጭጋግ ነበር...»

«ጭጋግ አልነበረም» አለ ኮሎኔሉ።

ሶሎሚያ ዲጂኖውን ከበረዶው አጠገብ ጣለችው። «ይህ ከክሩታ ቤት በር ኋላ ነው የተገኘው። ፈረቃው ከመሸ በኋላ አልወጣም፤ የራስዎ ወታደር ምስክር ነው። ክሩታ ግን ቤቱ አፋፉ ላይ ነው። ዙቦቭ ገና ነው፣ ማስነሳቱን አልፈቅድም ሳይለው አልቀረም። በብረት መታው።»

ኮሎኔሉ ሲጋራውን አጠፋ። ከዚያ ስፈራው የዋልኩትን ጥያቄ ጠየቀ።

«አንድ ነገር አልገባኝም። ይህ ሰው እዚህ ያደገ ነው። ለምን ሁሉም ሰው የሚያየው ቦታ ጣለው?»

ሶሎሚያ አፏን ከመክፈቷ በፊት ክሩታ ጮኸ። አሁን ገና በራለት፤ ሲበራለት አየሁት። ዘሎ መስኮቱን በጣቱ ደበደበው።

«ውሃው መምጣት ነበረበት! ጉሮሮው ይወስደው ነበር! እነዚያ... እነዚያ ናቸው! ፓምፖቹን ሰብረዋቸዋል! ናዛር ነው የሰበራቸው! ኮሎኔል፣ እኔ አውቃለሁ፣ ሪአክተሩን እየሰበሩብን ነው!»

ባልዲውን መሬት አስቀመጥኩት። እውነቱን ነበር የተናገረው፣ ልጆቼ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያን ቀን የተነገረው ትልቁ እውነት እሱ ነበር።

ሶሎሚያ ድምፅዋን አላነሳችም። «ዛሬ ጠዋት ግን በረዶ ነው ብለህ ነበር፣ ቫዲም ሄራሲሞቪች።»

ክሩታ ወደ ኮሎኔሉ ዞረ።

«ለእኔም በረዶ ነው አልክ» አለ ኮሎኔሉ በቀስታ። «ሁለት ጊዜ ጠየቅኩህ። ትንሽ በረዶ ነው፣ ነገ ይጠራል አልክ። መሰበራቸውን ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?»

«አሁን! አሁን ገባኝ!»

«ማን ነገረህ? እዚህ ክፍል ውስጥ ስለ መስበር የተናገረ ሰው የለም።»

«የጠየቁኝን ልመልስልዎ» አለች ሶሎሚያ። ፊቷ ከበረዶው ስር እንዳየነው ፊት ነጭ ሆኗል። «እዚያ የጣለው ውሃው እንደማይመጣ ስለሚያውቅ ነው። ፓምፖቹን የሰበረው እሱ ነው። ዙቦቭ ደረሰበት፣ ገደለው። ሬሳው ሲነጋ እንዲገኝና ጣጣው በፈረቃው ላይ እንዲወድቅ ነው የፈለገው። እርስዎም ፈረቃውን ሊረሽኑለት ነበር። ከዚያ በኋላ ሪአክተሩን የሚያስነሳ አንድም ሰው አይኖርም ነበር።»

«ትዋሻለች!» ክሩታ ዘለለባት። አንገቷን አነቃት፤ ጠረጴዛው ላይ ወደቁ፤ በረዶው ከስራቸው ተሰባበረ። እኔ ባልዲውን አንስቼ ጀርባውን መታሁት፤ አልተሰማውም። «ሶልያ፣ ንገሪው! ታውቂያለሽ! ንገሪው!» እያለ ያንቃታል። ዓይኗ ፈጧል፤ አንድ ቃል ግን አልወጣትም።

ኮሎኔሉ ሽጉጡን አውጥቶ፣ ጠረጴዛውን ዞሮ፣ ከክሩታ ጆሮ ኋላ አስጠግቶ ተኮሰ። ካርታውም፣ የሶሎሚያ ፀጉርም፣ የእኔ እጅጌም ቀላ።

ሶሎሚያ ከስሩ ስትወጣ ሬሳው እንደተኛ ልጅ ወደ ጎን ተንሸራተተ። ኮሎኔሉ ሽጉጡን በመሀረብ እየጠረገ አያት።

«ግማሹን አምኜሻለሁ» አላት።

«ግማሹ ለፈረቃው ይበቃል?»

በመስኮቱ በኩል እጁን አወዛወዘ። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን አወረዱ።

በማግስቱ በየግድግዳው ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ዳይሬክተር ቫዲም ክሩታ ሪአክተሩን በስውር ሲያበላሽ ተደርሶበት ተረሽኗል፤ ወንጀለኛውን ያጋለጠችው ኢንስፔክተር ሶሎሚያ ዱዳር ናት» ይላል። ፓምፖቹ ተፈታትተው እስኪጠገኑ፣ ሌላ ሊቅ እስኪመጣ፣ ሪአክተሩ አይነሳም ተባለ። ጥገናውን የሚሠራው የናዛር ፈረቃ ነው፤ ሌላ ሰው የለማ።

በመኪና ስናልፍ የዩስቲና ደጃፍ ላይ ዳቦ ተቀምጧል፣ ሳሎ የሚባለው ጨው የገባው የአሳማ ስብ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ አንድ ማሰሮ የኮመጠጠ ኪያርም አለ። ሰላም ነስተዋት የከረሙት ጎረቤቶች ናቸው ያመጡላት። እሷ በሩ ላይ ቆማ ዳቦውን ታያለች፤ አታነሳውም።

ቦዩ ዳር ጉሮሮው ላይ ሰዎች ተሰብስበዋል። ለሞተ ሰው እንደሚደረገው ጥንድ ጥንድ አበባ በረዶው ላይ ያኖራሉ። ኦኒሽኮ በተጠቀለለው እጁ ሁለት ቀይ አበባ ይዟል። «እኛ ከሃዲ ስንለው፣ ለካ ወንድ ነበር!» ይላል እያለቀሰ። ናዛርም አለ፣ ራሱ በፋሻ ታስሮ፣ ኮፍያውን አውልቆ። ምን ይበል? አንዲት ቃል ከተናገረ ነገም ፓምፑ እንዳይነሳ የሚያደርግ እጅ አይኖርም።

መኪናችንን ሲያዩ ዞሩ።

«ሸጠሽዋል!» አለ ኦኒሽኮና ተፋ። መስኮቱ ላይ አረፈ። ሌሎቹም እየመጡ ተፉ፤ መስታወቱ ተሸፈነ። ከሰዉ መሀል ወታደሮች ቆመው ያያሉ። ናዛርም መጣ፣ መምጣት ነበረበት፣ ከመኪናው ፊት ቆሞ እሷን እያየ ተፋ።

የእሱ ምራቅ የገዛ ጫማው ላይ ወደቀ።

«ንዳ፣ አጎቴ ዩኪም» አለችኝ። አንገቷ ላይ የክሩታ ጣቶች ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ፤ የካፖርቷን ኮሌታ አንስታ ሸፈነቻቸው። መጥረጊያውን አስነሳሁ፤ መስታወቱ እስኪጠራ ጠብቄ ነዳሁ።